ቀዩ ሳይታይ በሩ አይከፈትም

ሰኞ ጠዋት ወንድሜ መምህር ይበልጣል የኮምፒውተር ላቡ ውስጥ ወንበር ላይ ወጥቶ ፕሮጀክተሩን ያስተካክል ነበር። እኔ ከሥር ወንበሩን ይዣለሁ። ምስሉ ግድግዳው ላይ ተንጋዶ ወጣ። በካርቶን ቁራጭ ደገፍ አደረገለትና ተቃና።

«አጥብቀህ ያዝ ሙሌ» አለኝ። «እኔ ብወድቅ እነሱ ናቸው ደስ የሚላቸው። ሮብ አሳይመንት የለም ማለት ነው።»

ሳቅሁ። ሲወርድ ግን ወዲያው አልሄደም። ወንበሩ ላይ ቁጭ ብሎ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ቆየ። እንዳየሁት ሲያውቅ እጁን አነሳ። አቧራው ነው አለ። ክፍሉን በማለዳ የጠረግሁት፣ ማሽኖቹንም በብሩሽ ያራገፍኩት እኔ ነኝ። አቧራ አልነበረም።

ከሰዓት በኋላ ወደ ሞጣ ሊሄድ ነበር። እናታችን ሞጣ ናት። ሐኪም ቤት ሄዳ ቀጠሮ ይዛለት፣ ካልመጣህ እኔው እመጣለሁ ብላ አስፈራርታው ነው የተነሳው። ከዚያ በፊት «ውጤት ላስገባና» እያለ በየሴሚስተሩ ያስተላልፈው ነበር። ማክሰኞ ጠዋት ታይቶ ከሰዓት ይመለሳል፣ ሮብ ጠዋት ደግሞ ለተማሪዎቹ ትልቁን ፕሮጀክት ይሰጣል። ሐሳባችን ይኸው ነበር።

ቢቸና መናኸሪያ ድረስ ሸኘሁት። ሚኒባሱ እስኪሞላ ቆመን አወራን። ሀብታሙ ስለሚባል ከአምበር ስለመጣ ተማሪ ነገረኝ። ከኋላ ተቀምጦ ስክሪኑን ሳያበራ ክፍለ ጊዜውን የሚጨርስ ልጅ ነው። «ሮብ ዓይንህ ከሱ አይራቅ» አለኝ። ከዚያ «መንገድ ቢይዘኝ አንተ ታስጀምራቸዋለህ» አለ። እንዲህ ሲለኝ የመጀመሪያው አልነበረም። እኔም እንደ ሁልጊዜው «ትደርሳለህ» አልኩት። መኪናው በደብረ ወርቅ መንገድ ወጣ። ተመልሼ ማሽኖቹን አጠፋሁ። የመጨረሻው ደህና ቀን ያ ነው።

ይህን የምጽፈው ሥራዬ ስላበቃ ነው። ተማሪዎች ከእንግዲህ በየራሳቸው ላፕቶፕ ይሠራሉ ተባለ። አሮጌዎቹ ማሽኖች ተጭነው ሄዱ፣ ቁልፉንም አስረከብኩ። በእኔ ዕድሜ ጡረታ ወጣሁ ማለት ያስቃል። ግን ያ ሥራ ከእንግዲህ የለም። ያስተማረኝም ሰው የለም። ስለዚህ የሠራነውን ልጽፈው አሰብኩ። ጽሑፍ ብዙ አይሆንልኝም። የተማርኩት እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ነው። እየቆምኩ፣ እየተመለስኩ ነው የምጽፈው።

ሥራ የጀመርኩት ሞጣ፣ ከሐጂ ኑሩ የጽሕፈት መሣሪያ መደብር ነው። ሐጂ ከኋላ ባለች ጠባብ ክፍል ኮፒ ማድረጊያና ማተሚያ ነበራቸው። እዚያ እየጻፍኩ፣ እያተምኩ ዋልኩ። ለእረፍት ወደ ሞጣ የሚመጡ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ሥራቸውን እኛ ጋ ያሳትሙ ነበር። ቀኑ ሳይደርስ የሚመጣው እየተጫወተ፣ ከሐጂ ጋር በዋጋ እየተከራከረ ያሳትማል። በመጨረሻው ቀን የሚመጣው ድምፅ የለውም። ፍላሹን ሲሰጠኝ ፊቱ ገርጥቷል። ሐጂ አንድ ቀን እንዲህ ያለውን ልጅ አዩና «ይኼ ልጅ ሳይታመም አይቀርም፤ ውኃ ስጠው» አሉኝ። ሰጠሁት። የታመመ አልነበረም። የማስረከቢያው ቀን ደርሶበት ነው።

ከዚያ ወንድሜ ቢቸና ባለው የዩኒቨርሲቲ ግቢ ፕሮግራሚንግ ማስተማር ሲጀምር የላብ ረዳት ይፈለጋል አለኝና ተመዘገብኩ። የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ኮምፒውተር ታውቃለህ ወይ ብለው ጠየቁኝ። ማጥፋት አውቃለሁ አልኩ። ፈርቼ ነው እንዲያ ያልኩት። እሳቸው ግን ሳቁና ሌላው የሚያውቀው ማብራት ብቻ ስለሆነ አንተ ታስፈልገናለህ አሉኝ። ደሞዙ ለአንድ ሰው የሚበቃ ነበር።

ማብራትም ቢሆን ዘዴ አለው። የላቡ የኤሌክትሪክ መስመር አሮጌ ነው። ሁሉም ማሽን ባንዴ ከተነሳ ብሬከሩ ወርዶ መብራቱን ይቆርጣል። ስለዚህ በመስኮቱ በኩል ካለው ረድፍ እጀምራለሁ። የመጀመሪያው ረድፍ ተነስቶ ድምፁ እስኪረጋ እጠብቃለሁ። ከዚያ መሐለኛውን፣ በመጨረሻ የግድግዳውን። ድምፁን በጆሮዬ ለየሁት። የደከመ ማራገቢያ እንደ ጉንፋን ያለበት ሰው ያንኮራፋል፤ ያን ማሽን ቀድሜ እከፍትና አጸዳለሁ። መብራት ሲጠፋ የሚይዝ ባትሪ በስም እንጂ በተግባር አልነበረንም። ያልተቀመጠ ሥራ ይጠፋል። ከሁሉም የምፈራው የማስረከቢያውን ዋዜማ ነበር። ሳምንቱን ሙሉ ባዶ የዋለ ክፍል በዚያ ቀን ይሞላል። ሁለት ሁለት ሆነው በአንድ ወንበር ይቀመጣሉ፣ አንዱ ስልኩን ቻርጅ ላይ ይሰካል፣ ብሬከሩ ይወርዳል። ክፍሉ ሲጨልም የሚሰማው ጩኸት ለቅሶ ቤት ያስመስለው ነበር። ያኔ ለቅሶን የማውቅ መስሎኝ ነው እንዲያ የምለው።

ወንድሜ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ቁጡ ነበር። ቀድመው እንዲጀምሩ ይለምናል፣ ይቆጣል፣ ማርክ እቀንሳለሁ ይላል። የሚጀምር የለም። ከዚያ አንድ ዘዴ አመጣ። ከማስረከቢያው ቀን በፊት ላቡ ይዘጋል አለ። እንደሚዘጋ ካወቁ ግድ ቀድመው ይመጣሉ ብሎ ነው። ለእኔም ልክ መሰለኝ። ቁልፉ በእኔ እጅ ስለነበር ተማሪዎቹ ከዚያን ጊዜ ጀምሮ «ቁልፉ» ይሉኝ ጀመር። ቁልፉ መጣ፣ ቁልፉ ሄደ ይላሉ። ስሜን የሚያውቅ ጥቂት ነው።

በዚያ ሴሚስተር ሮብ ገበያ ከምትባል ከተማ የመጣ አላምረው የሚባል ልጅ ነበር። ሒሳብ ላይ የሚስተካከለው አልነበረም ይሉታል። ላብ ከሁሉም ቀድሞ ይመጣል። መጥቶ ግን ስክሪኑን ሳያበራ ይቀመጣል። ደብተሩን ያገላብጣል፣ ቁልፎቹን በጣቱ ሳይጫን ይዳስሳል፣ ሰዓቱ ሲያልቅ ወጥቶ ይሄዳል። ጓደኛ የሚጠብቅ ይመስለኝ ነበር።

ማስረከቢያው ሲቀርብ መብራት ጠፋ። ሲመጣ ሁሉም ተግተልትሎ መጣ፣ ብሬከሩም ደጋግሞ ወረደ። ከዚያ የመዝጊያው ቀን ደረሰና ቆለፍኩ። አላምረው በሩ ላይ መጥቶ ቆመ። ትንሽ ብቻ ክፈትልኝ አለኝ። ትእዛዝ ነው አልኩት። አልተከራከረም። በሩን ብቻ ትንሽ አይቶት ሄደ።

ያስረከበው የሌላ ልጅ ሥራ ነበር። ከላይ የባለቤቱን ስም እንኳ አላጠፋውም። ወንድሜ ቢሮ አስጠራው። እኔም በሩ አጠገብ ነበርኩ። ወንድሜ አልተቆጣም፤ በየቀኑ እየመጣህ ለምን አልጀመርክም ብሎ ነው የጠየቀው። አላምረው መሬት መሬት እያየ መለሰ።

«ከጀመርኩ እንደማልችል ይታወቃል ብዬ ነው።»

ትምህርቱ ተበላሸበት። ዕቃውን ይዞ ወደ አገሩ ሄደ። ወንድሜ ለብዙ ቀን ምግብ አልበላ አለው። ከዚያ በገበያ ቀን ወደ ሮብ ገበያ ሄደ፣ ልጁን ሊመልስ። ቤቱን ጠይቆ አገኘው። አባትየው በክብር ተቀብለው አስቀመጡት፣ ልጁ ግን ከጓዳ አልወጣም አለ። አባቱ እየተሳቀቁ ደጋግመው ጠሩት። አልወጣም። ወንድሜ ሲመለስ የነገረኝ ይህን ብቻ ነው። «እኔ ሰነፉ ቀድሞ እንዲጀምር ነው በሩን የዘጋሁት» አለኝ። «የሚፈራውን ውጭ አስቀርቼ ቆለፍኩበት።»

ላቡን አስቀድሞ መዝጋት ቀረ።

ተማሪ ሲሳሳት ኮምፒውተሩ ስሕተቱን በቀይ ጽሑፍ ያወጣል። ልጆቹ ያን ቀይ እንደ ነውር ያዩታል። መምህር በአጠገባቸው ሲያልፍ በእጃቸው ይሸፍኑታል፣ ወይም ስክሪኑን ያጠፋሉ። ወንድሜ ከአላምረው በኋላ ያን ቀይ ሥራ አደረገው። ፕሮጀክት በሚሰጥበት ጠዋት በሩን ከውስጥ ያስቆልፈኛል። ከዚያ «ቀዩን ሳታሳዩኝ ማንም አይወጣም» ይላቸዋል። ትክክል የሆነ ነገር አልፈልግም፤ የተበላሸ ነገር ጻፉና አሳዩኝ ነው ነገሩ። የመጀመሪያው ማርክ የሚሰጠው ለዚያ ነው። አንዱ ሲቀላለት ወንድሜ እጁን ያጨበጭብና «እሰይ፣ ቀላ!» ይላል። ያሳየ ይወጣል። የሚወጣው ግን ሥራውን ጀምሮ ነው። ፋይሉ በስሙ ተቀምጧል፤ ወደ ቤቱ የሚወስደው ጥያቄ አለው። በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ ወንድሜ ጨረስክ ወይ ብሎ አይጠይቅም። «ዛሬ የት ላይ ቀላብህ?» ነው የሚለው። አብረው እያዩ ይስቃሉ።

እኔ ልጆቹ ከወጡ በኋላ በየማሽኑ እየዞርኩ ሥራው መቀመጡን እመለከት ነበር። የዋዜማው ጩኸት እየቀነሰ ሄደ። መብራት ይጠፋል፣ ኔትወርክ ይጠፋል፣ መንገድ ይዘጋና ቤተሰቡ ዘንድ የሄደ ተማሪ ሳይመለስ ይቀራል። የጀመረ ልጅ ግን ሲመለስ የሚመለስበት ነገር አለው። ያልጀመረው ነው ከነፍርሃቱ የሚቀረው።

አንድ ነገር ግን አልተሳካለትም። ለምሳሌ ብሎ እሱ ራሱ ፊታቸው ተሳስቶ ሲያሳያቸው አያምኑትም። ሰዓዳ የምትባል የሞጣ ነጋዴ ልጅ ነበረች፣ ምላሷ የማይያዝ። «ቲቸር፣ ስሕተትህም እኮ ከኛ ትክክል ይሻላል» አለችው። ክፍሉ ሳቀ። ከዚያ ነው ወንድሜ እኔን መለመን የጀመረው። አንተ ብትጽፍ፣ አንተ ፊታቸው ቀይ ብታወጣ ያምኑሃል ይለኛል። ስንት ዓመት ሲያስተምር ከኋላ ቆሜ ሰምቻለሁ፤ ትንሽ ትንሽ አውቃለሁ። ግን በአሥራ ሁለተኛ ክፍል ትምህርት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ፊት መቆም አስፈራኝ። በየሴሚስተሩ እምቢ እላለሁ። እሱ አያስገድደኝም። እሺ፣ ለሚቀጥለው ይለኛል።

ሞጣ በሄደ ማግስት፣ ማክሰኞ ጠዋት ኔትወርክ አልነበረም። ወንድሜ ታይቶ ይሆናል ብዬ ስልኩን አሥር ጊዜ አያለሁ። ከሰዓት ላይ ኔትወርኩ መጣ። ወዲያው አጎታችን ጋሽ አየነው ደወሉ።

«ሙሉጌታ፣ አጠገብህ ማን አለ?» አሉኝ።

ልቤ ያኔውኑ አወቀ። የግቢው ዘበኛ ጋሽ ዘለቀ አሉ አልኳቸው። ለሳቸው ስጣቸው አሉኝ። ሰጠሁ። ጋሽ ዘለቀ ስልኩን ይዘው ፊታቸውን ወደ አጥሩ አዞሩ። እሺ፣ እሺ ብቻ ይላሉ። ከዚያ ባርኔጣቸውን አወለቁ። ስልኩ እንዳይዘጋ፣ ወሬው እንዳያልቅ ፈለግሁ። እስካላለቀ ድረስ አልተነገረኝም። ዘግተው ወደ እኔ ሲመጡ ወደ ኋላ ሸሸሁ።

ሐኪም ቤት በረንዳ ላይ ተራውን ሲጠብቅ ነው ልቡ የቆመችው።

መናኸሪያ ሮጥኩ። መኪኖች ቆመዋል፣ ሹፌሮቹ ጥላ ውስጥ ተቀምጠዋል። ወደ ሞጣ ስል አንዱ ራሱን ነቀነቀ። ከደብረ ወርቅ ወዲያ መንገዱ ተዘግቷል፣ የሚያልፍ የለም አለኝ። ለምን ብሎ የሚጠይቅ ሰው አልነበረም። በእግሬም ቢሆን ልሂድ አልኩ። ጋሽ አየነው እንደገና ደወሉ። ቀብሩ ነገ በአምስት ሰዓት ነው፤ አትምጣ አሉኝ።

«እናትህ ባንድ ሳምንት ሁለት ልጅ አትቀብርም። እዚያው ሁን ልጄ።»

ሲመሽ ተማሪዎቹ የተከራየሁበት ክፍል መጡ። ቦታ ስላልበቃ ወለሉ ላይ፣ ደጁም ላይ ተቀመጡ። ሰዓዳ አጠገቤ ነበረች። ያን ቀን ምላሷ አልነበረም። የክፍሉ ኃላፊ ለነገ የተባለውን ፕሮጀክት ላልተወሰነ ጊዜ እንዳስተላለፉት በቀስታ ነገረችኝ። አንተም ስለ ሥራው አታስብ አለችኝ።

ያን ጊዜ ከበሩ በኩል አንድ ሰው ትንፋሹን በረጅሙ ለቀቀ። «ተመስገን» አለ፣ ለራሱ። ሁሉም ዞሮ አየው። ሀብታሙ ነበር። ያለው ነገር ሲሰማው ፊቱን በእጁ ሸፈነ።

እኔ አልተቀየምኩም። ያን ትንፋሽ አውቀዋለሁ። የላቡ በር የተዘጋበት ቀን አላምረው ዞሮ ሲሄድ ትከሻው እንዲያ ነበር የወረደው። የሚተላለፍ ሥራ ለፈሪ እረፍት ይመስለዋል፤ ሲመለስ ግን ከፍ ብሎ ነው የሚመጣው። ተማሪዎቹ ከሄዱ በኋላ ስለ ወንድሜ ማሰብ አቅቶኝ ስለ ሀብታሙ አሰብኩ። ይኼም ልጅ ሊሄድብን ነው ብዬ ፈራሁ። የሚከተለው ሰው ከእንግዲህ የለም።

ሮብ ጠዋት ነጠላዬን አዘቅዝቄ እንደለበስኩ ወደ ግቢው ሄድኩ። ጋሽ ዘለቀ በር ላይ አገኙኝ። ወንድሙ ባልተቀበረበት ቀን ሥራ የሚገባን ሰው ምን ይሉታል ልጄ አሉኝ። የሚሉት አይጠፋም አልኳቸው። ግን ከቀብሩ ካልሆንኩ የት ልሁን? እሳቸውም በሩን ከፈቱልኝ።

ማሽኖቹን አስነሳሁ። የመስኮቱን ረድፍ፣ ድምፁ እስኪረጋ ቆሜ። መሐለኛውን። የግድግዳውን። ላቡ መከፈቱን ለሰዓዳ በስልክ ነገርኳት፣ እሷ ለሌላው። ጥቁር ለብሰው መጡ። ለቅሶ የሚቀመጡ መስሏቸው በየወንበሩ ተቀመጡ። ሀብታሙ እንደልማዱ ከኋላ። የመጨረሻው ሲገባ በሩን ከውስጥ ቆለፍኩና ቁልፉን ኪሴ ከተትኩ።

ፕሮጀክተሩን ከፈትኩት። ምስሉ አልተንጋደደም። ካርቶኑ እንዳለ ነበር።

ፊታቸው ቆምኩ። መጽሐፍ ላይ ያለውን ማስረዳት አልችልም። ወንድሜ ያሰበው ፕሮጀክት ምን እንደሆነ ብቻ ነገርኳቸው፤ መናኸሪያ ነው። ተሳፋሪ ተራ የሚይዝበት፣ ወዴት መኪና እንዳለና እንደሌለ የሚናገር ፕሮግራም። ሁላችሁም መናኸሪያ ታውቃላችሁ ብሎ ነው የመረጠው። ከዚያ ተቀምጬ በላቲን ፊደል ጻፍኩ። መኪና፣ እኩል ይሆናል፣ የለም። ትናንት መናኸሪያ ያወቅሁት ይኼን ብቻ ነበር። ፕሮግራሙን አስነሳሁት።

ግድግዳው ላይ ቀይ ወጣ። «የለም» የሚባል ነገር አላውቅም ነው ያለኝ ማሽኑ፣ በእንግሊዝኛው። ለመሸፈን እጄ ተነሳ። መልሼ አወረድኩት። የሳቀ አልነበረም። ሁሉም ግድግዳውን ያያሉ።

«እሰይ» አለች ሰዓዳ። ድምፅዋ ተቆረጠ። ቆይታ ጨረሰችው። «ቀላ።»

ቀዩን ሳታሳዩኝ ማንም አይወጣም አልኩ። የወንድሜን ቃል በእኔ ድምፅ ስሰማው ፈራሁ። የቁልፎቹ ድምፅ ግን አንድ በአንድ ተነሳ። ባንዱ ማሽን ላይ ቀላ፣ በሌላውም። እየዞርኩ አየሁ። አንዳንዱ እያለቀሰ ነው የሚጽፈው። ያሳየውን በሩን እየከፈትኩ አስወጣሁ። አብዛኞቹ ወጥተው ግን አልሄዱም፤ በረንዳው ላይ ቆሙ።

ሀብታሙ ብቻ ቀረ። ስክሪኑ ጥቁር ነበር። ወንበር ስቤ አጠገቡ ተቀመጥኩ። አልቆጣሁትም። ስልኬ ኪሴ ውስጥ ተንቀጠቀጠ። ከሞጣ ነው። ሰዓቱን አየሁ፣ አምስት ሊሆን ነው፤ የቀብሩ ሰዓት። አላነሳሁትም።

«ጋሽ ሙሌ» አለኝ ሀብታሙ። ስሜን ያውቀው ነበር። «ዛሬ እንኳ ብትተወኝ።»

«ቀዩን ሳታሳየኝ አትወጣም» አልኩት። «እኔም አልወጣም። ሁለታችንም እዚሁ ነን።»

ስልኩ ቆመ። ከዚያ እንደገና ተንቀጠቀጠ። ሀብታሙ ወደ ኪሴ አየ፣ ወደ ፊቴ አየ። እጁን ዘርግቶ ስክሪኑን አበራው። በአንድ ጣቱ፣ ቁልፎቹን እየፈለገ ጻፈ። የማስነሻውን ቁልፍ ሲጫን ዓይኑን ጨፍኖ ነበር።

«ተመልከት» አልኩት።

ዓይኑን ከፈተ። ቀልቷል።

ማጨብጨብ አልቻልኩም። ተነስቼ ቁልፉን ከኪሴ አወጣሁና በሩን ከፈትኩት።